ከስታዲየም ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ ለዳቦና ኬክ ቤት ቦታ ልንከራይ ነው፤ ውሉን ከመፈረማችን በፊት ምን እናጣራ?

ጠያቂ፦ ሙያ በልብ

ጤና ይስጥልኝ። ለረጅም ጊዜ በቤቴ በትዕዛዝ ኬክ ስሠራ ቆይቼ፣ አሁን ከእህቴ ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁመን ዳቦና ኬክ ቤት ለመክፈት ተዘጋጅተናል። ከስታዲየም ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ላይ፣ ግራውንዱን፣ 90 ካሬ ሜትር የሚሆን ቦታ ደላላ አሳይቶን በዋጋው ተስማምተናል። የቀረው ውሉ ነው፤ እንቅልፍ የነሳኝም እርሱ ነው።

የሕንፃው ባለቤት የሚኖሩት አሜሪካ ነው። ከእኛ ጋር የሚነጋገሩት ወንድማቸው ሲሆኑ፣ ውክልና እንዳላቸው ነግረውናል፤ ሰነዱን ግን እስካሁን አላሳዩንም። ውሉ ለአምስት ዓመት እንዲሆን ተስማምተናል። የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ይፈልጋሉ። በሰጡን ረቂቅ ላይ ደግሞ ኪራዩ ውሉ በሚፈረምበት ቀን ባለው የዶላር ምንዛሪ ተሰልቶ፣ በየስድስት ወሩ ምንዛሪው በጨመረ መጠን በብር እንደሚስተካከል ተጽፏል። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ሁለት ውል እንድንፈርም መጠየቃችን ነው፤ አንደኛው የኪራዩ ግማሽ ብቻ ተጽፎበት ውልና ማስረጃ የሚጸድቅ፣ ሁለተኛው እውነተኛው ዋጋ ያለበትና በእጃችን የሚቀመጥ። ደላላው «ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው» ይለናል።

እኛ ደግሞ ቦታውን ባዶውን ተረክበን ወለሉን፣ ፓርቲሽኑን፣ የምድጃውን ጭስ ማውጫና ባለ ሦስት ፌዝ የመብራት መስመሩን በራሳችን ወጪ ልናሠራ ነው። ያጠራቀምነው ሁሉ የሚገባው እዚያ ውስጥ ስለሆነ፣ በሁለተኛው ዓመት ውጡ ብንባል መነሻ አይኖረንም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል ሲባል ሰምቻለሁ። እኛን ይመለከተን ይሆን? የምታውቁ ብታስረዱኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

መልስ፦ ሕግ አዋቂ ዘልደታ

እህታችን፣ ከመፈረምዎ በፊት መጠየቅዎ ጥሩ ነው፤ የንግድ ቤት ኪራይ ክርክር ይዘው ወደ እኛ የሚመጡ አብዛኞቹ ሰዎች የሚመጡት ከፈረሙ በኋላ ነውና።

በመጀመሪያ የመጨረሻውን ጥያቄ ልመልስ። የጠቀሱት አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ስሙ እንደሚያመለክተው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ነው። የሁለት ዓመት ዝቅተኛ የውል ዘመንም ሆነ የሁለት ወር የቅድሚያ ክፍያ ጣሪያ ለመኖሪያ ቤት ተከራይ የተሰጡ ጥበቃዎች ናቸው፤ ዳቦ ቤት ሊጠቀምባቸው አይችልም። የንግድ ቤት ኪራይ የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በተለይም ከአንቀጽ 2896 ጀምሮ ባሉት የማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይ ድንጋጌዎችና በውሎች ጠቅላላ ደንቦች ነው። ይህ ሕግ ዋጋውንና የቅድሚያ ክፍያውን በአመዛኙ ለተዋዋዮቹ ስምምነት የተወ በመሆኑ፣ በውሉ ላይ ያላስጻፉትን ጥበቃ ከሌላ ቦታ አገኛለሁ ብለው ተስፋ እንዳያደርጉ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን ከዋጋውም ከዶላሩም የሚቀድም ነገር ነው፤ ይኸውም የሚፈርምልዎ ሰው የመፈረም ሥልጣን አለው ወይ የሚለው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 ጠቅላላ ውክልና ለተሰጠው ሰው የሚፈቅደው የአስተዳደር ሥራዎችን ብቻ ሲሆን፣ ከእነዚህ ሥራዎች አንዱ ቤት ማከራየት ሆኖ ሳለ ሕጉ ራሱ ወሰን አበጅቶለታል፤ ኪራዩ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ለማከራየት ወኪሉ ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። እንግዲህ ወንድምየው የያዙት ወረቀት «ንብረቴን ሁሉ እንዲያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ከሆነ፣ የአምስት ዓመቱ ውል ወካዩ ወደፊት «ይህን አላዘዝኩም» ሲሉ ሊነቀል የሚችል ውል ይሆናል። የሚከራዩት ለምድጃና ለጭስ ማውጫ ገንዘብ አፍስሰው በመሆኑ፣ ይህ ክርክር በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ቢነሳ የሚጎዱት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ስለዚህ የውክልናውን ዋናውን ሰነድ ይጠይቁ። በውጭ አገር የተሰጠ ውክልና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አልፎ፣ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ዘንድ የተመዘገበ መሆኑን ይመልከቱ። ውክልና ሊሻር ይችላል፤ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለም በወካዩ ሞት ይቀራል። ከዓመታት በፊት የተሰጠ ወረቀት ዛሬም ይጸናል ብሎ መቀበል አይገባም።

በዚሁ ላይ የትዳር ጉዳይ አለ። ካርታው በአንድ ሰው ስም መሆኑ ንብረቱ የአንድ ሰው መሆኑን አያሳይም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ብቻ ሳይሆን ለማከራየትም የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ይህ ሳይሟላ የተደረገ ውል ስምምነቱን ባልሰጠው ተጋቢ ጥያቄ በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል፤ ጥያቄው የሚቀርብበትም ጊዜ ተጋቢው ውሉን ካወቀ ከስድስት ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ ውሉ ከተደረገ ከሁለት ዓመት እንዳይበልጥ ሕጉ ወስኗል። ባለቤቱ ባለትዳር ከሆኑ የትዳር ጓደኛቸውም ፊርማ ወይም ውክልና ይኑር፤ ካላገቡ ያላገቡበት ማስረጃ ይቅረብ። ንብረቱ በውርስ የተገኘ የግል ሀብት ነው የሚሉ ከሆነም ሕጉ ንብረትን የጋራ አድርጎ ስለሚገምት በሰነድ ያረጋግጡ።

ከፊርማው ሳንወጣ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሕንፃው በባንክ መያዣ የተያዘ እንደሆነ ማወቅ ይኖርብዎታል። ባንኮች በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር በመያዣ የያዙትን ንብረት ወደ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በሐራጅ ለመሸጥ ይችላሉ። መሀል ከተማ ውስጥ ያለ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ በብድር ተሠርቶ ቢገኝ የሚያስደንቅ ስላልሆነ፣ ባለቤቱ ከይዞታ ምዝገባ መሥሪያ ቤት የዕዳና እገዳ ማረጋገጫ አውጥተው እንዲያሳዩዎ መጠየቅዎን እንደ ድፍረት አይቁጠሩት።

ዶላሩን በተመለከተ፣ በሀገር ውስጥ ለሚደረግ ግብይት ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ውጭ በውጭ ምንዛሪ መክፈልና መቀበል ክልክል ነው። የእርስዎ ረቂቅ ክፍያው በብር ሆኖ ስሌቱ ብቻ በዶላር ይሁን ስለሚል አከራዮች ከክልከላው ውጭ ነን ይላሉ። በዚህ ላይ ተከራክሮ ማሸነፍ ይቻል እንደሆነ ከማሰብ ይልቅ ዓረፍተ ነገሩን ከውሉ ማስወጣት ይሻላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ እንደወጣ ሁላችንም አይተናል። የእርስዎ የዳቦ ዋጋ ግን በዚያ ፍጥነት ሊወጣ አይችልም። በዶላሩ ፋንታ በየዓመቱ የሚጨመረው በመቶኛ ተወስኖ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጨመር ቀኑ ተጠቅሶ ይጻፍ። «በገበያው ሁኔታ ይስተካከላል» የሚለውንም አይቀበሉ፤ ገበያውን የሚተረጉመው አከራዩ ነውና።

መልስ፦ የአራዳው ነጋዴ

የሕግ ባለሙያው የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ከሱቅ በር ላይ የሚታየውን ነው።

ፒያሳ አካባቢ ለብዙ ዓመታት በኪራይ ቤት ነግጃለሁ። አንድ ጊዜ የተከራየሁበት ሕንፃ ተሸጠና አዲሱ ገዢ መጥተው «ከእኔ ጋር ውል የለህም» አሉኝ። ውሌ ከአምስት ዓመት በላይ ነበር፤ በውልና ማስረጃ የጸደቀ ቢሆንም ሕጉ ከአምስት ዓመት ለሚበልጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይ በሚጠይቀው መሠረት በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ላይ አልሰፈረም ነበር። በሽማግሌ ተነጋግረን፣ ኪራይ ተጨምሮ ቀረሁ እንጂ ሙግቱ ቀላል አይሆንም ነበር። እንግዲህ አምስት ዓመት ላይ መቆማችሁ ከዚህ ምዝገባ ይገላግላችኋል። ይሁን እንጂ ባለቤቱ ሕንፃውን ቢሸጡ ኪራዩ መኖሩን ለገዢው አስታውቀው በሽያጩ ውል ላይ እንዲያስገቡ፣ ይህን ባያደርጉ ለሚደርስባችሁ ጉዳት እንደሚከፍሉ አንድ አንቀጽ አስጽፉ።

ሁለተኛው ነገር ርክክቡ ነው። ብዙዎቻችን ቁልፍ ስንቀበል በደስታ ሮጠን ወደ ሥራ እንገባለን። ቁልፍ በምትቀበሉበት ቀን ግን የመብራቱንና የውኃውን ቆጣሪ ንባብ በወረቀት ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት። የቀድሞው ተከራይ ያልከፈለው ሂሳብ ካለ የሚቆረጠው የእናንተ መብራት ነው፤ ሰውየው ደግሞ ስልኩን ዘግቶ ሄዷል። የወለሉን ስንጥቅ፣ የመስተዋቱን ብዛት፣ የመጸዳጃውን ሁኔታ ሳይቀር በፎቶግራፍ አስቀምጡና ከርክክብ ሰነዱ ጋር አያይዙት። ውሉ ሲያልቅ «እንደነበረ መልስ» የሚለው አንቀጽ የሚለካው በዚህ ወረቀት ነው።

የዳቦ ቤት ነገር ከሌላው ሱቅ የተለየ ስለሆነ መብራቱን ሳታረጋግጡ አትፈርሙ። ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ የሚጠየቀው በአብዛኛው በባለይዞታው ፈቃድና ሰነድ ነው፤ ባለቤቱ አሜሪካ፣ ወኪሉ ሥራ የበዛባቸው ከሆነ አንድ ደብዳቤ ለማስፈረም ወር ትጠብቃላችሁ። በዚያ ወር ኪራዩ ይቆጠራል። ስለዚህ የኪራይ መክፈያው ጊዜ የሚጀምረው ውሉ ከተፈረመበት ቀን ሳይሆን ኃይሉ ከገባበት ቀን እንዲሆን፣ ቢያንስ የማደሻ ጊዜው ከኪራይ ነጻ እንዲሆን ጠይቁ። ብዙ አከራዮች ለፊኒሺንግ ጊዜ ይሰጣሉ፤ ያልጠየቀ ብቻ ነው የማያገኘው። ጭስ ማውጫው በሕንፃው ጀርባ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነም የላይኛዎቹ ፎቅ ተከራዮች መቃወማቸው አይቀርም። በየት በኩል እንደሚያልፍ በንድፍ ተሠርቶ ከውሉ ጋር ይያያዝ፤ የባለቤቱ ስምምነት በቃል ብቻ አይሁን። ጄኔሬተር፣ ጥበቃ፣ ጽዳትና የማስታወቂያ ሰሌዳ ቦታም እንዲሁ፤ ማን እንደሚከፍልና በምን መለኪያ እንደሚካፈል ይጻፍ።

በመጨረሻም አከራይና ተከራይ ሲጣሉ አከራዩ በሌሊት በሩ ላይ ሌላ ቁልፍ የሚያንጠለጥልበት ጊዜ አለ። በጎረቤቴ ደርሶ አይቻለሁ፤ ውስጥ የነበረው የሚበላሽ ዕቃ ሁሉ ተበላሽቶ ነበር። ዳቦ ቤት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ምን ማድረግ እንደሚገባ የሕግ ሰዎች ብታስረዱ መልካም ነው።

መልስ፦ ሒሳብ ሠራተኛ

ስለ ሁለቱ ውሎች ማንም ዝርዝር ስላልተናገረ እኔ ልናገር። ሥራዬ የማኅበራትን ሒሳብ መያዝ ነው፤ ይህን ጉዳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

የመጀመሪያው ነገር፣ ዋጋ ዝቅ አድርጎ ለግብር ባለሥልጣኑ ማቅረብ ግብር መሰወር ነው፤ ይህን አውቆ የፈረመ ተከራይም «አከራዩ ናቸው ያሉኝ» ብሎ ከኃላፊነት ነጻ ሊወጣ አይችልም። ይህ ብቻ ሊበቃ ይገባ ነበር። ነገር ግን ብዙ ሰው ጥቅሙን ሲያሰላ «ግብሩ የእሳቸው ነው፤ እኔን ምን አገባኝ» ስለሚል ስሌቱን ላሳያችሁ።

ለምሳሌ እውነተኛው ኪራይ በወር 100,000 ብር፣ በጸደቀው ውል ላይ ያለው ደግሞ 50,000 ብር ይሁን። ማኅበራችሁ ዓመቱን ሙሉ 1,200,000 ብር ይከፍላል፤ በሰነድ የተደገፈ ወጪ አድርጎ ሊይዝ የሚችለው ግን 600,000 ብር ብቻ ነው። የቀረው 600,000 ብር ከኪሳችሁ ወጥቶ ሳለ በሒሳብ መዝገባችሁ ላይ ትርፍ ሆኖ ይታያል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከትርፉ 30 በመቶ የንግድ ገቢ ግብር ስለሚከፍል፣ ባላተረፋችሁት ገንዘብ ላይ በዓመት 180,000 ብር ትከፍላላችሁ ማለት ነው። ባለቤቱ በኪራይ ገቢያቸው ላይ ሊከፍሉት የሚገባው ግብር በጓሮ በር ዞሮ ወደ እናንተ መጣ። ደላላው ይህን አይነግራችሁም።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ጠብ ሲነሳ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በጽሑፍ የሰፈረ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ጽኑ ማስረጃ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ግን ሁለት የሚጣረሱ ሰነዶች ይኖራሉ። የስድስት ወሩን ቅድሚያ በእውነተኛው ዋጋ ከፍላችሁ ውሉ በመሀል ቢፈርስ፣ ተመላሽ የሚሆነው በየትኛው ዋጋ ነው? የጎኑን ወረቀት አውጥታችሁ ብትከራከሩ የራሳችሁን ጥፋት ለዳኛው ማስረዳታችሁ ነው፤ ግብር ለማምለጥ የተደረገ ስምምነት ሕገ ወጥ ዓላማ አለው ተብሎ ዋጋ ሊያጣም ይችላል። ስለዚህ አንድ ውል፣ አንድ ዋጋ፣ ክፍያውም በባንክ ብቻ። ወኪሉ «በእጅ ስጡኝ» ቢሉ እንኳ በውሉ ላይ በተጠቀሰው የባለቤቱ ሂሳብ አስገቡ።

ተጨማሪ እሴት ታክስን በሚመለከት፣ ከመኖሪያ ቤት ኪራይ በተለየ የንግድ ቤት ኪራይ ታክሱ የሚከፈልበት አገልግሎት ነው። አከራዩ የቫት ተመዝጋቢ ከሆኑ በ100,000 ብር ላይ 15,000 ብር ይታከላል ወይስ በውስጡ አለ? በውሉ ላይ «ቫትን ጨምሮ» ወይም «ቫትን ሳይጨምር» የሚሉት ቃላት ሳይጻፉ በመቅረታቸው ብቻ ስንት ሰው እንደተጣላ አይቻለሁ። እናንተም ተመዝጋቢ ከሆናችሁ የከፈላችሁትን ከሰበሰባችሁት ታቀናንሱታላችሁ፤ ለዚህ ግን ሕጋዊ ደረሰኝ ያስፈልጋል። ደረሰኝ በየክፍያው ካልተሰጠ ቀጣዩን ክፍያ ለማቆየት መብት እንዲኖራችሁ አስጽፉ። የቴምብር ቀረጡንና የማጽደቂያ ወጪውን ማን እንደሚከፍልም ይለይ።

የንግድ ፈቃድ ስታወጡ አድራሻችሁን የምታረጋግጡት በዚሁ በጸደቀው ውል ስለሆነ፣ ስሙ በእናንተ በግል ሳይሆን በማኅበሩ ስም ይሁን። ከዚያ በፊት ግን ካርታው ላይ የተፈቀደው አገልግሎት ንግድ ወይም ቅይጥ መሆኑን፣ ሕንፃውም የመጠቀሚያ ፈቃድ ያለው መሆኑን ተመልከቱ። ለመኖሪያ ተፈቅዶ ለንግድ የሚከራይ ቦታ ላይ ወረዳው ፈቃድ ቢከለክላችሁ የከፈላችሁት ቅድሚያ እንዲመለስ ከአሁኑ ይጻፍ።

ጠያቂ፦ ሙያ በልብ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለተኛውን ውል እንደማንፈርም ለወንድምየው ነገርናቸው፤ መጀመሪያ ቅር ቢላቸውም በአንድ ውል ተስማምተው ኪራዩን በጥቂቱ ከፍ አድርገዋል። የሒሳብ ባለሙያው ባሳዩን ስሌት ይህ ይሻለናል ብለን ተቀበልን። በየዓመቱ በመቶ የሚጨመረውንም ተስማምተናል፤ የዶላሩ ነገር ወጥቷል።

ውክልናውን አየነው። ባለቤቱ ብቻቸውን የሰጡት ጠቅላላ ውክልና ሲሆን «እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ» ይላል እንጂ ለስንት ዓመት እንደሆነ አይናገርም። ባለቤቱ ባለትዳር ናቸው። ወንድምየው «ለጊዜው የሦስት ዓመት እንፈራረም፤ ከዚያ እናድሳለን። እስከዚያው ቦታውን ለሌላ እንዳልሰጥባችሁ ቀብድ ክፈሉ» ይላሉ። ሌላው ጥያቄዬ መንገዱ በኮሪደር ልማት ቢነካ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

መልስ፦ ሕግ አዋቂ ዘልደታ

ሁለተኛው ውል መቅረቱ ትልቅ ነገር ነው። አሁን ወደ ቀሩት ልግባ።

«እንዲያከራይ» የሚለው ቃል ብቻውን የሦስት ዓመቱን ወሰን ያነሳል ብለው የሚከራከሩ አሉ። እርስዎ ግን የዚህ ክርክር መሞከሪያ መሆን የለብዎትም። ባለቤቱና የትዳር ጓደኛቸው በኤምባሲ ቀርበው፣ የቤቱ አድራሻና የካርታው ቁጥር ተጠቅሶ፣ ለአምስት ዓመት እንዲያከራይ የሚል ልዩ ውክልና ቢልኩ ጉዳዩ ያበቃል። «ሦስት ዓመት ተፈራርመን እናድሳለን» የሚለው አሳብ አያዋጣዎትም፤ ለማደስ ፈቃደኛ መሆን በቃል የተነገረ ተስፋ ነው፣ በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ምድጃዎ እዚያ የተተከለ መሆኑን የሚያውቁት አከራይ የፈለጉትን ዋጋ ይጠራሉ። የማደስ መብት በውሉ ውስጥ በዋጋው ስሌት ጭምር ቢጻፍም፣ ያው የአምስት ዓመት ግዴታ ስለሚሆን የወኪሉ ሥልጣን ጥያቄ እንደገና ይነሣል። የትዳር ጓደኛይቱ ስምምነት ደግሞ ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ያስፈልጋል።

የአራዳው ነጋዴ ላነሱት ጥያቄ፣ አከራይ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በራሱ እጅ ተከራይን ሊያስወጣ ወይም በር ሊቆልፍ አይችልም። ኪራይ ባይከፈል እንኳ በቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠት፣ ከዚያም መክሰስ ነው ያለበት። ቁልፍ የተቀየረበት ተከራይ በአንቀጽ 1149 መሠረት ሁከት ይወገድልኝ ብሎ መክሰስ ይችላል፤ ይህ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፣ ለሚበላሽ ዕቃ ግን ሁለት ቀንም ብዙ ስለሆነ በዚያው ዕለት ለፖሊስ ማስመዝገብና በጠበቃ በኩል አስቸኳይ ትእዛዝ መጠየቅ ያስፈልጋል። በውላችሁ ላይ «አከራይ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሸግ ይችላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ ያሰርዙት፤ በተዘጋጁ ረቂቆች ውስጥ ተሰክቶ የሚመጣ ነገር ነው።

የኮሪደር ልማቱን በሚመለከት፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት ካሣ ተከፍሎ ይወሰዳል። ለሕንፃው የሚከፈለው ካሣ ለባለይዞታው ነው። እርስዎ ያሠሩት ወለልና ፓርቲሽን በሕንፃው ግምት ውስጥ ገብቶ ካሣው ለባለቤቱ ሊከፈል ይችላል። ይህ እንዳይሆን በውሉ ላይ ሦስት ነገሮች ይግባ፦ ሕንፃው በሙሉ ወይም በከፊል በመንግሥት ውሳኔ ከአገልግሎት ውጭ ቢሆን ያልተኖረበት የቅድሚያ ኪራይ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ፤ በደረሰኝ የተረጋገጠው የተከራይ ማሻሻያ ወጪ በካሣው ውስጥ ከታሰበ ድርሻው ለተከራዩ እንደሚሰጥ፤ እንዲሁም የፊት ለፊቱ መግቢያ በግንባታ ምክንያት ተዘግቶ በሚቆይበት ጊዜ ኪራዩ በምን ያህል እንደሚቀነስ። ሦስተኛውን ሰዎች ይዘነጉታል፤ ሕንፃው ሳይነካ የእግረኛ መንገዱ ለወራት ተቆፍሮ ደንበኛ መግባት ያቃተው ሱቅ ግን በከተማችን ሁላችንም አይተናል። ምድጃው፣ ማቀዝቀዣውና የጭስ ማውጫው ብረትም የተከራይ ንብረት ሆነው ውሉ በማናቸውም ምክንያት ሲያበቃ ነቅሎ የመውሰድ መብት እንዳለዎት በዝርዝር ይጻፍ፤ ዝርዝሩን ሁለታችሁም ፈርማችሁበት ከውሉ ጋር አያይዙት።

የስድስት ወሩ ቅድሚያም ለየትኞቹ ወራት እንደሆነ ይለይ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ኪራይ ከሆነ እየተቀነሰ ያልቃል፤ ማስያዣ ከሆነ ግን በመጨረሻ የሚመለስ ገንዘብ ነው። «ቅድሚያ» ብሎ ብቻ የተጻፈ ውል በሁለቱም በኩል ይነበባል።

ስለ ቀብዱ፣ ሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ገንዘቡ እንዲቀርበት፣ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፍ አድርጎ እንዲመልስ ይላል። ዛሬ ያለ ምንም ጽሑፍ ብትከፍሉና ልዩ ውክልናው ሳይመጣ ቀርቶ እናንተ ብትተዉት፣ «የተዋችሁት እናንተ ናችሁ» ተብሎ ገንዘቡ ሊቀርባችሁ ይችላል። መክፈል ካለባችሁ መጠኑ ከአንድ ወር ኪራይ አይብለጥ፤ በባንክ ይግባ፤ በሁለት ምስክሮች ፊት በተፈረመ ወረቀት ላይም የሁለቱ ተጋቢዎች ልዩ ውክልና እስከ ተወሰነ ቀን ተመዝግቦ ካልቀረበ፣ ወይም የዕዳና እገዳ ማረጋገጫው ሕንፃው ላይ እገዳ እንዳለ ካሳየ፣ ቀብዱ ሳይቀነስ በሰባት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ ይጻፍ። ወረቀቱን ስታዘጋጁ ስምና አድራሻ አጥፍታችሁ ረቂቁን እዚህ ብታስቀምጡት አይቼ አስተያየት እሰጣለሁ።